አራት ራም፣ አንድ ዩፒኤስ፦ አዲስ የተገጣጠመ የጌም ኮምፒውተር ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ለልጄ ጌም የሚጫወትበት ኮምፒውተር ቃል ገብቼለት ነበር። ራይዘን 7 7700 ፕሮሰሰር፣ አርቲኤክስ 4070 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ እና ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር5 ራም ከዱባይ በእህቴ በኩል አስመጣን። ቢ650 ማዘርቦርዱን፣ ሁለት ኤስኤስዲዎችን (ፋይል የሚቀመጥባቸውን ዲስኮች) እና ሌሎች ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ራሞችን አዲስ አበባ ገዛን። ፓወር ሰፕላዩ ከድሮው ኮምፒውተራችን የተወሰደ ባለ 600 ዋት ሲሆን ሁሉም በአንድ 650 ቪኤ ዩፒኤስ በኩል ይሰካል። ከልጄ ጋር ራሳችን ገጣጠምነው። ልጄ ባዮስ (የማዘርቦርዱ የራሱ ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ የራሙን ፍጥነት 6000 ላይ አድርጎታል። አራቱ ራሞች ሲሰኩ ፋኖቹ ይዞራሉ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ «ዲራም» (ራም ማለት ነው) ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ብርቱካናማ መብራት በርቶ ይቀራል። ሁለቱን ስናወጣ ዊንዶውስ ይነሣል፤ ጌም ሲጀመር ግን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ኮምፒውተሩ መብራት እንደ ጠፋበት ድርግም ይልና ራሱ መልሶ ይነሣል። ሁለተኛው ኤስኤስዲም አይታይም። ያሳየነው የጥገና ባለሙያ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ቀይሩት» ብሎናል። ምን ይመክሩናል?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ማዘርቦርዱን አይቀይሩ። የጻፉትን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ የተቃጠለ ማዘርቦርድ ጠባይ አይደለም። ሁለት ራም ሲቀርለት ዊንዶውስን ያስነሣ፣ ጌምም ለጥቂት ደቂቃ ያስኬደ ማዘርቦርድ ፕሮሰሰሩን አውቆታል፣ ራሙን አንብቧል፣ ግራፊክስ ካርዱንም አግኝቷል። ከራም ማስገቢያዎቹ አንዱ ጉድለት ሊኖርበት ይችል ይሆናል፤ እሱንም በቀላሉ መለየት ይቻላል። ለአሁኑ ግን በዚህ ማስረጃ ብቻ አዲስ ማዘርቦርድ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

እኔ ከጽሑፍዎ የምረዳው ሁለት የማይገናኙ ችግሮች በአንድ ኮምፒውተር ላይ አንድ ላይ መከሰታቸውን ነው። አንዱ የራም ነው፤ ሌላው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ሁለቱን እንደ አንድ ችግር ስላያችኋቸው የምትሞክሩት ሁሉ የከሸፈ ይመስላል። ራም ቀንሳችሁ ስክሪኑ መጣ፤ ጌሙ ግን መጥፋቱን አላቆመም። ያን ጊዜ ማንም ሰው «እንግዲያው ችግሩ ራሙ አልነበረም» ብሎ ወደ ማዘርቦርዱ ይሄዳል። የጥገና ባለሙያውም የሄደው በዚሁ መንገድ ይመስለኛል። እሱን ለመውቀስ አይደለም፤ የዚህ ትውልድ ትርፍ ፕሮሰሰርና ራም በእጁ የሌለው ባለሙያ እያፈራረቀ መሞከር ስለማይችል ወደ ግምት ይገደዳል። እርስዎና ልጅዎ ግን ጊዜ አላችሁ፣ ካቻቪቴም አላችሁ። አንድ ደብተር አዘጋጁና ልጅዎ እያንዳንዱን ሙከራ ይመዝግብ፦ የትኛው ራም፣ በየትኛው ማስገቢያ፣ ምን ሆነ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከተቀየረ ውጤቱ ምንም አይነግራችሁም።

ከራሙ ልጀምር፤ ብዙ የሚባልበት እሱ ነውና።

ማዘርቦርዱ ላይ አራት ማስገቢያ ስላለ አራት ራም በፈለጉት ፍጥነት ይሠራል ማለት አይደለም። ራሙን የሚቆጣጠረው ክፍል ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው፤ የመሸከም አቅሙንም የሚወስነው ፕሮሰሰሩ ነው። የፕሮሰሰሩ አምራች ኤኤምዲ ለራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች በይፋ ያስቀመጠው ልክ ሁለት ራም ሲሰካ 5200፣ አራት ራም ሲሰካ 3600 ነው። አዎ፣ 3600። በራሙ ካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈው 6000 የራም አምራቹ ተስፋ ነው፤ ራሙ ከተሠራበት መነሻ በላይ በከፍተኛ ፍጥነትና ቮልቴጅ ሲነዳ የሚደርስበት ማለት ነው። ልጅዎ ባዮስ ውስጥ ያበራው ኤክስፖ የተባለው ቅንብር ይህንኑ ነው የሚያደርገው። በሁለት ራም 6000 በዚህ ትውልድ ፕሮሰሰር ላይ የተለመደ ነው፤ ብዙዎች ያለ ችግር ይጠቀሙበታል። በአራት ራም ግን 6000 መጠየቅ ከይፋዊው ልክ እጅግ መራቅ ነው፤ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ መቅረቱ አያስደንቅም።

በዚህ ላይ የእናንተ አራት ራሞች ሁለት የተለያዩ ጥንዶች ናቸው። አምራቾች አንድን ጥንድ በአንድ ላይ ፈትነው ነው በአንድ ካርቶን የሚያሽጉት። ሁለቱም ካርቶኖች ላይ 6000 ቢጻፍም ውስጣቸው ያሉት ቺፖች ከተለያየ ፋብሪካ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የምላሽ ጊዜያቸውና የሚፈልጉት ቮልቴጅም እንዲሁ ሊለያይ ይችላል። አብረው አርሰው የማያውቁ በሬዎችን በአንድ ቀንበር እንደ መጥመድ ነው፤ እያንዳንዱ ጤነኛ ቢሆንም እርሻው አይቀናም። ስለዚህ ከአራቱ አንድም የተበላሸ ራም ላይኖር ይችላል።

ሌላ የሚያሳስት ነገርም አለ፤ ብዙ ሰው ጤነኛ ኮምፒውተር ይዞ ወደ ጥገና ቤት የሚሮጠው በዚህ ምክንያት ነው። ዲዲአር5 የሚጠቀም ማዘርቦርድ አዲስ ራም ሲሰካለት ወይም የባዮስ ቅንብሩ ሲጠፋ መጀመሪያ ራሙን «ያለማምዳል»። ምልክቱ በየትኛው ቅጽበት ቢነበብ እንደማይሳሳት እየሞከረ ይለካል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ስክሪኑ ጨለማ ነው፣ ፋኖቹ ይዞራሉ፣ የዲራም መብራቱም እንደበራ ይቆያል። በሁለት ራም ከአንድ ደቂቃ እስከ ጥቂት ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ በአራት ራም ከዚያም በላይ ይቆያል። ባለቤቱ ሁለት ደቂቃ ጠብቆ «ሞቷል» ብሎ ማብሪያውን ተጭኖ ያጠፋዋል። እንደገና ሲያበራው ልምምዱ ከሀ ይጀምራል። እንዲህ እየተጠፋና እየተበራ አንድ ቀን ሙሉ ሊያልፍ ይችላል። እባክዎ ከአሁን በኋላ ራም ሲቀይሩ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይነኩት ይጠብቁ።

አሁን ወደ ሥራው። ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬቱ ይንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኃይል ያስወጡ። ቀጥሎ የባዮሱን ቅንብር ወደ ፋብሪካው መነሻ መመለስ ያስፈልጋል፤ ኤክስፖ እንደበራ ከቆየ ማዘርቦርዱ እያንዳንዱን ራም በ6000 ሊነዳ ይሞክራልና ሙከራው ሁሉ ይበላሻል። ለዚህም ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን የሳንቲም መጠን ያላትን ሲአር2032 ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ያውጡ። ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ብዙውን ጊዜ ባትሪዋን ይሸፍናታል፤ እንዲያ ከሆነ በማዘርቦርዱ መመሪያ ላይ «ክሊር ሲሞስ» ተብለው የተመለከቱትን ሁለት ቀጫጭን ፒኖች በካቻቪቴ ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ማገናኘት ይበቃል። ገመዱ ተነቅሎ ካልሆነ በቀር ይህን አያድርጉ።

ግራፊክስ ካርዱንም ለጊዜው አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ራይዘን 7 7700 በውስጡ የራሱ አነስተኛ ግራፊክስ አለው፤ የሞኒተሩን ገመድ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክተው መሥራት ይችላሉ። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ካርዱንና ገመዶቹን በአንድ ጊዜ ከጥርጣሬ ያስወጣልዎታል። በስማቸው መጨረሻ ላይ «ኤፍ» ያለባቸው የዚህ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ይህ የላቸውም።

ከዚያ አንድ ራም ብቻ ይውሰዱና ከፕሮሰሰሩ ጀምረው ሲቆጥሩ ሁለተኛ በሆነው ማስገቢያ ይሰኩት፤ መመሪያው ላይ ኤ2 ይባላል። ሲጫኑት በጫፉ ያለው መቆለፊያ ጠቅ ብሎ መዘጋት አለበት። አንዳንድ ማዘርቦርዶች መቆለፊያ ያላቸው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ሌላኛው ጫፍ ሳይገባ ከፍ ብሎ ይቀርና ዓይን ያታልላል፤ ከጎን ዝቅ ብለው በስልክ መብራት ይዩት፤ የወርቃማው መስመር አንዱ ጫፍ ብቻ ከታየ ራሙ አልገባም። አራቱንም ራሞች በየተራ በዚሁ በኤ2 ብቻ ይሞክሩ። አራቱም ካስነሡት አራቱም ሕያው ናቸው። አንዱ ብቻ እምቢ ካለ የተበላሸው እሱ ነውና ከነደረሰኙ ወደ ገዛችሁበት ይመለስ። ከዚያ አንዱን ጤነኛ ራም ወስደው በቀሪዎቹ ማስገቢያዎች ይሞክሩት፤ ማዘርቦርዱ በእውነት ጉድለት ካለበት ራሱን የሚያጋልጠው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ማዘርቦርዶች በመጀመሪያው ማስገቢያ ላይ ብቸኛ ራም ላይቀበሉ ስለሚችሉ ከመፍረድዎ በፊት መመሪያውን ይመልከቱ።

ይህን ካለፉ ከዱባይ የመጣውን ጥንድ ብቻ በሁለተኛውና በአራተኛው ማስገቢያ ይሰኩ። እስካሁን የተጠቀማችሁበት ሁለት ራም ከየትኛው ጥንድ እንደሆነ፣ የት እንደተሰካም አልጻፉልኝም። ምናልባት አንዱ ከዱባይ ሌላው ከአዲስ አበባ፣ ወይም ሁለቱም ጎን ለጎን ገብተው ይሆናል። በአንደኛውና በሁለተኛው፣ ወይም በሦስተኛውና በአራተኛው ጎን ለጎን ከሆኑ በአንድ መስመር ላይ ተደራርበዋል ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢነሣም ፍጥነቱን ያጣል። ኤክስፖ ጠፍቶ፣ ራሙ በራሱ መነሻ ፍጥነት እየሠራ፣ ሜምቴስት86 የተባለውን ነፃ መፈተሻ በፍላሽ አስነሥተው ሌሊቱን ያስኬዱት። አንድም ስህተት መቆጠር የለበትም፤ «ሦስት ስህተት ብቻ ነው» የሚባል ነገር በራም ላይ የለም። ንጹሕ ከሆነ ኤክስፖን ያብሩና በማግሥቱ ሌሊት ይድገሙት። በኤክስፖ ስህተት ካመጣ 6000ውን ወደ 5600 ዝቅ ያድርጉ፤ በጌም ላይ የሚፈጥረው ልዩነት ልጅዎ የሚያስተውለው አይሆንም።

በዚህ መሐል ባዮሱን ማደስ እመክራለሁ። ቢ650 ማዘርቦርዶች ለገበያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2022 ጥቅምት ነው፤ ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ዕቃ ያንን የመጀመሪያ ባዮስ እንደያዘ ሊሸጥ ይችላል። ከዚያ ወዲህ የወጡት ባዮሶች ከራም ጋር መስማማትን በእጅጉ አሻሽለዋል፣ የልምምዱንም ጊዜ አሳጥረዋል። ሌላም ከባድ ምክንያት አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 ጸደይ አንዳንድ የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች፣ በተለይም በስማቸው «ኤክስ3ዲ» ያለባቸው፣ ከሶኬታቸው ጋር እንደተቃጠሉ ከታወቀ በኋላ ኤኤምዲ ኤክስፖ ሲበራ ከፍ የሚለውን አንድ ቮልቴጅ በ1.3 ቮልት የሚገድብ ባዮስ አስወጥቷል። የእናንተ ፕሮሰሰር ከእነዚያ ወገን ባይሆንም በአሮጌ ባዮስ ኤክስፖን አብርቶ መክረም አያስፈልግም።

ባዮሱን ከማዘርቦርዱ አምራች ድረ ገጽ ላይ በሞዴሉ ሙሉ ስም ያውርዱ። አንዳንድ አምራቾች አንዱን ሞዴል በተለያየ እትም ይሸጣሉ፤ የእትሙ ቁጥር በማዘርቦርዱ ጠርዝ ላይ በደቃቁ ታትሞ ያገኙታል፤ ባዮሱም በዚያው ቁጥር ይለያያል። እድሳቱ በሚካሄድበት ጊዜ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ያኔ በእውነት ሊሞት ይችላል። ለዚህ ሥራ ዩፒኤሱ ያስፈልጋችኋል፤ ባዮስ ውስጥ ኮምፒውተሩ የሚወስደው ኃይል ትንሽ ስለሆነ 650 ቪኤው ከበቂ በላይ ነው። ማዘርቦርዱ ከኋላው ባዮስን ያለ ፕሮሰሰር የሚጭን ቁልፍ ካለው፣ እድሳቱ ቢቋረጥ እንኳ በእሱ በኩል መልሶ ማዳን ይቻላል።

አራቱንስ ራም ምን እናድርጋቸው ይሉኝ ይሆናል። በባዮስ ውስጥ ፍጥነቱን በእጅ 3600 ወይም 4000 ላይ አድርጋችሁ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቃችሁ ብትሞክሩ 32 ጊጋባይት ሆኖ ሊነሣ ይችላል። እኔ ግን አልመክረውም፤ ለጌም ፍጥነቱን መሠዋት ይሆናል። አዲስ አበባ የገዛችሁትን ጥንድ ሻጩ የሚቀበል ከሆነ መልሱት፤ ለጊዜው 16 ጊጋባይት አብዛኛውን ጌም ያጫውታል። 32 ካስፈለገ በአንድ ካርቶን የታሸገ ሁለት ባለ 16 ጊጋባይት ይግዙ። ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር5 በውስጡ ያሉት ቺፖች በቁጥር ግማሽ በመሆናቸው በዚያው ፍጥነት እንኳ ከባለ 16ቱ በመጠኑ ይዘገያል፤ ስለዚህ አራት ትንንሽ ከመደርደር ሁለት ትልልቅ በሁሉም በኩል ይበልጣል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ችግር፣ ጌም ሲጀመር ወደሚጠፋው። እዚህ ላይ የአጠፋፉ ዓይነት ብዙ ይናገራልና ልጅዎ በጥንቃቄ እንዲያይ ያድርጉ። የራም ስህተት ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ገጽ ያሳያል፤ ጌሙ ብቻውን ተዘግቶ ወደ ዊንዶውስ ይመልሳል፤ ወይም ፋይል ተበላሸ ይላል። ዊንዶውስ ግን ሰማያዊውን ገጽ ካሳየ በኋላ ራሱን በራሱ እንዲያስነሣ ተደርጎ ስለሚመጣ ገጹ ብልጭ ብሎ ሊያመልጣችሁ ይችላል። በሲስተም ቅንብሩ ውስጥ «በራስህ ተነሣ» የሚለውን ምርጫ ያጥፉት። ከዚያ በኋላም ያለ ምንም ገጽ ድርግም ካለ ዋናው ተጠርጣሪ ኃይል ነው። በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥ «ከርነል-ፓወር 41» የሚል ጽሑፍ ታገኙ ይሆናል፤ ብዙ ሰው እሱን አይቶ «ፓወር ሰፕላዩ መበላሸቱ ተረጋገጠ» ይላል። ጽሑፉ የሚናገረው ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ መነሣቱን ብቻ ነው፤ በማን ጥፋት እንደሆነ አይናገርም።

እስቲ እናስላው። ግራፊክስ ካርዱ እስከ 220 ዋት ይወስዳል። ፕሮሰሰሩ 65 ዋት ይባል እንጂ ሙሉ ጭነት ላይ እስከ 88 ይፈቀድለታል። ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ኤስኤስዲዎቹ እና ፋኖቹ ተደምረው 50 ወይም 60። ድምሩ 370 ገደማ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ይህን ለመስጠት ከግድግዳው የሚስበው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል፤ ጥቂቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናልና 430 አካባቢ ይደርሳል። ሞኒተሩን ይጨምሩበት። የ650 ቪኤ ዩፒኤስ ግን 650 ዋት አይደለም። ቪኤና ዋት ይለያያሉ፤ በዚህ መጠን የሚሸጡ አብዛኞቹ ዩፒኤሶች የሚችሉት ከ360 እስከ 400 ዋት ነው፤ ከኋላው ወይም ከሥሩ ባለው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ዩፒኤሳችሁ ጌም ሲጀመር ከአቅሙ በላይ ነው የተጫነው። ግድግዳው ላይ ያለው መብራት ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ያሳልፈው ይሆናል። ማታ ማታ ቮልቴጁ ዝቅ ሲል ግን ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ ይዞራል፤ ባትሪው ደግሞ ያንን ጭነት አይችልም። በተጨማሪም ርካሽ ዩፒኤሶች በባትሪ ሲሠሩ የሚሰጡት ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው፤ አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች ይህን አይወዱትም። ከመብራት ወደ ባትሪ በሚዞርበት የሚሊሰከንዶች ክፍተት ውስጥ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ የሚያቆየው በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ነው። እሱ ካረጀ ክፍተቱን አይሸፍንም፤ ኮምፒውተሩ ለቅጽበት ይራብና እንደ አዲስ ይነሣል። እናንተ የጻፋችሁት «ድርግም ብሎ ራሱ ይነሣል» የሚለው ምልክት ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል።

ስለዚህ በሚጠፋበት ቅጽበት ሦስት ነገር ይታይ። ሞኒተሩም አብሮ ከጨለመና ዩፒኤሱ ከጮኸ፣ ዩፒኤሱ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ቆርጧል። ዩፒኤሱ ጠቅ የሚል ድምፅ አሰምቶ ሞኒተሩ ሳይጠፋ ኮምፒውተሩ ብቻ ከተነሣ፣ ክፍተቱን ያልቻለው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ዩፒኤሱ ዝም ብሎ ኮምፒውተሩ ብቻ ጠፍቶ ገመዱ ተነቅሎ እስኪመለስ ድረስ የማይነሣ ከሆነ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ ራሱን ለመጠበቅ ዘግቷል። ቀጥሎ መብራት በማይዋዥቅበት ሰዓት፣ ዩፒኤሱን አልፋችሁ በቀጥታ ከግድግዳው ሰክታችሁ ኤክስፖ ጠፍቶ ለአንድ ሰዓት ይጫወት። ካልጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ። ከጠፋ ደግሞ የግራፊክስ ካርዱን የኃይል ገደብ በአፍተርበርነር ፕሮግራም ወደ 65 ከመቶ ዝቅ አድርጋችሁ ድገሙት። በዝቅተኛ ኃይል የማይጠፋ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዩ ወይም ገመዶቹ እንደተቸገሩ ያሳያል። ገንዘብ እስኪገኝ ድረስም በዚሁ መጫወት ይቻላል፤ የሚቀንሰው ፍጥነት ከሚፈሩት ያነሰ ነው።

ወደ ገመዶቹ ስንመጣ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ፓወር ሰፕላዩ ገመዶቹ የሚነቀሉ ዓይነት ከሆነ፣ ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ገመድ በፍጹም አይሰኩበት። በማዘርቦርዱና በካርዱ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን እያንዳንዱ አምራች እንደፈለገ የሚደረድረው ነው። ሶኬቱ ልክ ይገባል፤ ኃይሉ ግን በተሳሳተ ሽቦ ይሄድና ኤስኤስዲ፣ ማዘርቦርድ፣ ካርድ በአንድ ቅጽበት ያቃጥላል። ይህ እንደ ሌሎቹ በሙከራ የሚታረም ስህተት አይደለም።

አብዛኞቹ 4070 ሱፐር ካርዶች ኃይል የሚቀበሉት ባለ 16 ፒን በሆነች ትንሽ ሶኬት ነው፤ ድሮ ለተሠራ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ሁለት ባለ 8 ፒን ገመዶችን ወደ እሷ የሚቀይር ማገናኛ ከካርዱ ጋር ይመጣል። ሁለቱ ባለ 8 ፒኖች ከፓወር ሰፕላዩ በሁለት የተለያዩ ገመዶች መምጣት አለባቸው፤ በአንድ ገመድ ላይ መንታ ሆነው የተንጠለጠሉትን ሁለት ጫፎች አይጠቀሙ። የ16 ፒኑ ሶኬት እስከ መጨረሻው መግባቱን በዓይን ያረጋግጡ፤ በሶኬቱና በካርዱ መካከል ክፍተት መታየት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2022 የአርቲኤክስ 4090 ካርዶች ሶኬት መቅለጥ ሲጀምር የእነዚህ ግራፊክስ ካርዶች ባለቤት ኤንቪዲያ እንደ ተለመደ ምክንያት የጠቀሰው ገመዱ ሙሉ በሙሉ አለመግባቱን ነበር። የእናንተ ካርድ የሚወስደው የዚያን ግማሽ ያህል ቢሆንም ጥንቃቄው ያው ነው። ገመዱ ከሶኬቱ እንደወጣ ወዲያው እንዳይታጠፍ፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቀጥ ብሎ ይሂድ።

አሮጌው ፓወር ሰፕላይ 600 ዋት ተብሎ መጻፉ አያሳምነኝም። ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ 650 ዋት ይመክራል፤ ከቁጥሩ ይልቅ ግን ዘመኑ ያሳስበኛል። ዘመናዊ ግራፊክስ ካርዶች ለማይክሮሰከንዶች ከተጻፈባቸው ኃይል ብዙ ዘለው ይስባሉ። ኤቲኤክስ 3.0 የተባለው መለኪያ የወጣው ፓወር ሰፕላዮች ከተጻፈባቸው እስከ ሁለት እጥፍ የሚደርስ ቅጽበታዊ ጭነት እንዲችሉ ለማስገደድ ነው። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀየሪያ ካለው ከዚያ ዘመን እጅግ የራቀ ንድፍ ነውና ሙከራም አያስፈልገውም፤ ለዚህ ካርድ አይሆንም።

የማይታየው ኤስኤስዲ ነገር ቀላል ነው። መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ስሙን ፈልጉት። ባዮሱ እያየው ዊንዶውስ ካላየው አዲስ ዲስክ ስለሆነ ነው፤ በዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ ውስጥ ጂፒቲ ብላችሁ አስጀምሩትና ፎርማት አድርጉት። ባዮሱም ካላየው ዓይነቱን ያረጋግጡ፤ ቅርጹ ኤም.2 (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ቀጭን ሰሌዳ) ሆኖ በውስጡ ሳታ በተባለው የቆየ የግንኙነት ዓይነት የሚሠራ ኤስኤስዲ፣ ኤንቪኤምኢ የተባለውን አዲሱን ዓይነት ብቻ በሚቀበል ማስገቢያ ውስጥ ይገባል እንጂ አይሠራም። በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ደግሞ አንዱ የኤም.2 ማስገቢያ ከሌላ ማስገቢያ ወይም ከሳታ ሶኬት ጋር መስመር ይጋራል፤ መመሪያው ላይ በሰንጠረዥ ተጽፏል።

ግራፊክስ ካርዱን ስትመልሱት የሞኒተሩን ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቅላችሁ ካርዱ ላይ መሰካታችሁን አትርሱ፤ አለዚያ ጌሙ በፕሮሰሰሩ ትንሽ ግራፊክስ ሲንፏቀቅ አዲስ ችግር የመጣ ይመስላችኋል። ባዮስ ውስጥ እያላችሁም የፕሮሰሰሩን ሙቀት ተመልከቱ፤ ሥራ ሳይኖርበት ከ60 ዲግሪ በላይ እየወጣ ከሄደ የማቀዝቀዣው ብሎኖች በእኩል አልጠበቁም፣ ወይም ከሥሩ ያለው ላስቲክ ሳይላጥ ቀርቷል።

የግድ መግዛት ካለባችሁ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ከግድግዳው በቀጥታ ሲሰካ ካልጠፋ ፓወር ሰፕላዩን ለጊዜው ተዉትና ዩፒኤሱን ቀይሩ፤ በዋት ቢያንስ 600 የሚችል፣ በባትሪም ሲሠራ ንጹሕ ሳይን ሞገድ የሚሰጥ ይሁን። ስታቢላይዘር ይህን ሥራ አይተካም። ከግድግዳውም ከጠፋ ከዩፒኤሱ በፊት ፓወር ሰፕላዩ ይቀየር፦ 650 ወይም 750 ዋት፣ ኤቲኤክስ 3.0 ወይም 3.1 የተጻፈበት፣ ባለ 16 ፒን ገመዱ ከራሱ ጋር የታሸገ። የድሮዎቹን ገመዶች በሙሉ ከነአሮጌው ፓወር ሰፕላይ አንድ ላይ አስራችሁ ለብቻ አስቀምጡ። ሁለቱንም ከቀየራችሁ በኋላ፣ ኤክስፖ ጠፍቶ፣ ራሙም ሌሊቱን ያለ ስህተት አልፎ አሁንም የሚጠፋ ከሆነ ከልጅዎ ደብተር ላይ ያለውን መዝገብና የማዘርቦርዱን ሙሉ ስም ይላኩልኝ፤ ማዘርቦርዱን የምንጠረጥረው ያን ጊዜ ነው።